ለቤተ መጻሕፍት አስተዳደር፦ እጃችንን የምናፍታታበት አንድ ጠረጴዛ ስጡን

ይድረስ ለሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

የቤተ መጻሕፍቱን አገልግሎት ስለማሻሻል ሐሳብ ያለው ሰው እንዲያቀርብ መጋበዛችሁን አይቻለሁ። በአስተያየት መስጫ ሳጥኑ ልከተው ነበር። ግን የምጠይቀው ነገር የእኔ ብቻ አይደለም። ሌላውም ሰው ያንብበው፣ ይጨምርበት፣ ካልመሰለውም ይቃወመው ብዬ ደብዳቤውን ግልጽ አደረግሁት።

ጥያቄዬ አጭር ነው። በየቤተ መጻሕፍቱ አንድ ክፍል፣ ክፍል ከሌለም አንድ ሰፊ ጠረጴዛ ለእጅ ሥራ ይመደብልን። ጥሩ መብራት ይኑረው። መሳቢያው ውስጥ መርፌ፣ ክር፣ ወስፌ፣ መቀስ፣ ሙጫ፣ ኪሮሽ፣ ቀለምና ብሩሽ ይቀመጥ። የፈለገ ሰው ገብቶ ይሥራ። ይኸው ነው።

አንዳንዶቻችሁ ፈገግ እንደምትሉ ይገባኛል። «መጽሐፍ መግዣ አጥተን መርፌና ክር ግዙ ትሉናላችሁ?» ተገቢ ጥያቄ ነው፤ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ግን ሁልጊዜ የሚከነክነኝን ነገር ልናገር።

የእጅ ሥራ በእቅድና በሪፖርት ላይ ሲነሳ ከሦስት ነገር አያልፍም። ወይ የሥራ ዕድል ነው፣ ወይ ለቱሪስት የሚሸጥ ዕቃ ነው፣ ወይ ቅርስ ነው። ሦስቱም ቁም ነገር ናቸው። በእጁ ሠርቶ የሚያድር ሰው ገበያ ያስፈልገዋል። ሊጠፋ የተቃረበ ሙያም ጠባቂ ይሻል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2003 ባጸደቀው የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶች ስምምነት ባህላዊ የእጅ ጥበብን በስሙ ጠርቶ አካቶታል። ጃፓን ከዚያ በጣም ቀድማ፣ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ፣ ለተመረጡ ባለሙያዎቿ በሕግ ዕውቅና ትሰጣለች። ሙያቸውን ለተተኪ እንዲያስተላልፉም ገንዘብ ትደጉማቸዋለች። ሰዉ «ሕያው ብሔራዊ ሀብት» ይላቸዋል። ደግ አድርጋለች።

እኔ የምጽፍላችሁ ግን ማንም «ሀብት» ብሎ ስለማይጠራው ሰው ነው። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ውላ ማታ ሹራብ መሥራት ስለሚያምራት ሴት። ጡረታ ወጥቶ ማንኪያ መፈልፈል ስለጀመረ፣ ማንኪያውም ትንሽ ስለተንጋደደበት አዛውንት። ከትምህርት ቤት መልስ ሥዕል ስለምትሞነጫጭር ልጅ። እነዚህ ሰዎች የሚሸጡት ነገር የላቸውም። ሰርተፊኬትም አይፈልጉም። የሚፈልጉት መቀመጫ፣ ብርሃንና ትንሽ ጊዜ ነው። በየትኛውም ቅጽ ላይ ግን ቦታ የላቸውም።

በቅንፍ አንድ ነገር ልበል። ሰው የሠራኸውን ወዶልህ ሊያሞግስህ ሲፈልግ ምን እንደሚል ታውቃላችሁ? «ብትሸጠው እኮ ያዋጣሃል!» ክፋት የለውም። ግን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የክሩን ዋጋ ማስላት ትጀምራለህ። ሰው ለራሱ ደስታ ሲል ብቻ ቢሠራ ምን ችግር አለው? ዘፈን ለማንጎራጎር ድምፃዊ መሆን አያስፈልግም። ቀሽም ሥዕል መሣልም ደስ ይላል። ጥሩ ሥዕል ከመሣል ይበልጥ ደስ የሚልበት ቀንም አለ፤ ማንም ምንም አይጠብቅባችሁማ።

ነገሩ በወሬ እንዳይቀር አንድ ሥራ ላሳያችሁ። ለቤተ መጻሕፍት ይስማማል ብዬ ትንሽ ደብተር መጠረዝን መረጥኩ። አራት ወይም አምስት ነጭ ወረቀት ውሰዱ። ከማጠፋችሁ በፊት አንዱን ወረቀት መጀመሪያ በቁመቱ፣ ከዚያ በወርዱ ቀስ አድርጋችሁ ለማጉበጥ ሞክሩ። በአንዱ በኩል እሺ ይላል። በሌላው በኩል ያንገራግራል። ወረቀትም የራሱ የቃጫ አቅጣጫ አለው። እሺ ባለበት በኩል ካጠፋችሁት እጥፋቱ ልስልስ ይላል። ባንገራገረበት በኩል ካጠፋችሁት ግን ጠርዙ ይሻክራል፤ ደብተሩም አልዘጋም ይላል።

ከዚያ ወረቀቶቹን አንዱን በአንዱ ውስጥ አድርጋችሁ እጥፋቱ ላይ በወስፌ ሦስት ቦታ ትበሳላችሁ፤ መሐል፣ ከላይና ከታች። ክሩ የደብተሩን ቁመት ሦስት እጥፍ ያህል ይርዘም። ሰም ብታስነኩት አይወሳሰብም። መርፌው ከውስጥ ተነስቶ በመሐለኛው ቀዳዳ ይወጣል፤ በላይኛው ይገባል። በውስጥ በኩል መሐለኛውን ዘሎ በታችኛው ይወጣል። ተመልሶ በመሐለኛው ይገባል። አሁን ሁለቱ የክር ጫፎች ውስጥ ተገናኙ። አንዱን ከላይ እስከ ታች ከተዘረጋው ረጅም ክር ወዲህ፣ ሌላውን ወዲያ አድርጋችሁ ትቋጥራላችሁ። ክሩን ስትስቡ ግን ወደ ላይ አትሳቡት፤ በእጥፋቱ አቅጣጫ ይሁን፤ አለዚያ ወረቀቱ ይቀደዳል። አለቀ። ደብተር ሆነ።

ይህን አንዴ የሠራ ልጅ መደርደሪያችሁ ላይ ያለውን መጽሐፍ እንደ ድሮው አያየውም። ጀርባውን ይገለብጣል፣ ስፌቱን ይፈልጋል። ብዙው መጽሐፍ በሙጫ ብቻ የተያያዘ መሆኑን ሲያይ «ለካ ለዚህ ነው ቅጠሉ የሚገነጠለው!» ይላል። ምናልባት ከዚያ በኋላ መጽሐፍ ሲይዝ ይጠነቀቅ ይሆናል። ይሄ እንግዲህ ለእናንተ የሚተርፍ ጥቅም ነው።

ለእኛስ? ለእኛ ትልቁ ነገር የሚያልቅ ሥራ ማግኘት ነው። የዘመኑ ሥራ አያልቅም። አንድ ኢሜይል ስትመልሱ ሁለት ይመጣል። ስብሰባ ስብሰባን ይወልዳል፤ ይሄን ለእናንተ መንገር እንኳ ለቀባሪው ማርዳት ነው። የተነቀለ ቁልፍ መትከል ግን ያልቃል። ትተክሉታላችሁ፣ ክሩን ትበጥሳላችሁ፣ ሸሚዙን ትለብሳላችሁ። በዚያች ትንሽ ነገር ሰው የሚሰማው እርካታ ከነገሩ መጠን በላይ ነው። ስልክ ላይ ጣት እያንሸራተቱ ማምሸት ይሄን አይሰጥም። ሁላችንም ሞክረነዋል።

ጥናትም አለ። በአሜሪካ የድሬክሴል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ሥራ 39 አዋቂዎች ለ45 ደቂቃ በጭቃ፣ በማርከር፣ ወረቀት ቆርጦ በመለጠፍም የፈለጉትን እንዲሠሩ ተደረገ። ከሥራው በፊትና በኋላ ምራቃቸው ተወስዶ ኮርቲዞል የሚባለው ከውጥረት ጋር የተያያዘ ሆርሞን ተለካ። ከአራቱ በሦስቱ ገደማ ላይ ቀንሶ ተገኘ። እኔን የሳበኝ ሌላው ውጤት ነው። ከዚህ በፊት ሥዕል የለመደውም ያልለመደውም ሰው በዚህ ረገድ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላሳዩም። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ሆርሞኑ ያልቀነሰላቸው ሰዎችም ነበሩ። እንደ ተአምር አላቀርብላችሁም። ግን ቀሽሙም ሠሪ ድርሻውን እንደሚያገኝ ይጠቁማል።

ሐሳቡ ደግሞ አዲስ አይደለም። ፊንላንድ እ.ኤ.አ. በ1866 የሕዝብ ትምህርት ቤቶቿን ሥርዓት ስታቆም የእጅ ሥራን የግዴታ ትምህርት አደረገችው። ከጀርባው የነበረው ኡኖ ሲግኔዩስ የሚባል ቄስና የትምህርት ሰው ነው። በስዊድን ደግሞ ኦቶ ሳሎሞን ከየአገሩ የሚመጡ መምህራንን እያሠለጠነ ነገሩን አስፋፋው። ዓላማቸው አናጺ ማፍራት አልነበረም። ልጁ አንድ የሚያገለግል ዕቃ በትዕግሥት፣ በጥንቃቄ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሠርቶ እንዲያወጣ ነበር። የእጅ ሥራ በፊንላንድ ትምህርት ቤቶች ዛሬም ይሰጣል።

ትምህርት ቤት ለልጆች ነው። አዋቂውስ የት ይሂድ? ያለ ክፍያ፣ ያለ ምዝገባ፣ ምንም ሳይገዛ ሰው የሚቀመጥበት ጣሪያ ያለው ቦታ ስንት አለ? ቤተ መጻሕፍት ነው ያለን። ለዚህ ነው ለእናንተ የጻፍኩት። ሌሎችም አድርገውታል። በሄልሲንኪ እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ የተከፈተው ኡዲ የተባለ ቤተ መጻሕፍት ሰው የሚሰፋበት የልብስ ስፌት መኪና አለው። በካሊፎርኒያ የምትገኘው የበርክሌይ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ በቤተ መጻሕፍቷ በኩል መሣሪያ ታውሳለች፤ መዶሻና መሰርሰሪያ እንደ መጽሐፍ ተውሶ ይወጣል፣ ይመለሳል። አምስተርዳም ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 አንዲት ጋዜጠኛ የጥገና ካፌ የሚባል ነገር ጀመረች። የተበላሸ ዕቃ ያለው ሰው ዕቃውን ይዞ ይመጣል፤ የሚችል ሰው አብሮት ቁጭ ብሎ ይጠግናል። ዛሬ በብዙ አገር ተዛምቷል። እኔ የስፌት መኪናም መሰርሰሪያም አልጠየቅኩም። በመርፌ እንጀምር።

አሁን ወደ ገንዘቡ። መርፌ፣ ወስፌና መቀስ አንዴ ከተገዙ ዓመታት ይቆያሉ። ክር፣ ጨርቅና ወረቀት ሰው ከቤቱ ያመጣል፤ ማን ቤት ነው ትርፍ ክርና የቁልፍ ጣሳ የሌለው? እናንተ ራሳችሁ የምታስወግዱት ያረጀ ወረቀትና ካርቶን አለ። ጠረጴዛው ደግሞ አዲስ ባይሆን ይመረጣል። አዲስ ጠረጴዛ ላይ ሙጫ ማንጠባጠብ ያሳቅቃል።

ስለ ደኅንነት ስጋት ካላችሁ ልክ ናችሁ። ወንበር ላይ የተረሳ መርፌ ቀልድ አይደለም። ለእሱ አንድ ማግኔት መሳቢያው ውስጥ ይቀመጥ፤ ማታ ጠረጴዛውና ወለሉ ላይ ዞር ዞር ይደረግበት። ቀለምና ሙጫ ከመደርደሪያ ይራቅ። መዶሻና መጋዝ አይገባም፤ አንባቢ አለ። የሠራተኞቻችሁ ጫናም አሳስቦኛል። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሥራው በቅቶታል፤ የስፌት አስተማሪ እንዲሆን አትዘዙት። ቁልፉን ይክፈት፣ ሲመሽ ይዝጋ። ማስተማሩን ለእኛ ተዉት። የምታውቀዋ ለማታውቀው ታሳያለች።

ሳልረሳው፦ ከመቀሶቹ ውስጥ አንዱ የግራኝ መቀስ ይሁን። ተራውን መቀስ በግራ እጁ የሚይዝ ሰው የሚቆርጥበትን መስመር ስለቱ ይጋርድበታል። ስንቱ ግራኝ «እኔ እጄ አያምርም» ብሎ የተወው በመቀሱ ጥፋት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ እለምናችኋለሁ። እሺ ካላችሁ ነገሩን ፕሮጀክት አታድርጉት። ሥልጠና አትበሉት። የተጠቃሚ ቁጥር በየወሩ ለሪፖርት አትልቀሙበት። ውድድር፣ ደረጃ፣ ሽልማት አይኑር። በዓመቱ መጨረሻ ሪባን ቆርጣችሁ «ምርጥ ሥራዎች» ብላችሁ ኤግዚቢሽን ብታዘጋጁ ያቺ የተንጋደደች ማንኪያ ሠሪዋን ይዛ ትጠፋለች። የፈለገ ሰው የሠራውን መስኮት ላይ ያስቀምጥ። ያልፈለገ ወደ ቤቱ ይውሰድ። ፈትቶ እንደገና ቢሠራውም ክሩ ያው የእሱ ነው።

የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1948 ያወጣው የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ አንቀጽ 24 ማንም ሰው የዕረፍትና የመዝናናት መብት አለው ይላል። አንቀጽ 27 ደግሞ በማኅበረሰቡ ባህላዊ ሕይወት የመሳተፍና በኪነ ጥበብ የመደሰት መብትን ያክላል። በመብት ስም ላስፈራራችሁ አይደለም። ጠረጴዛ ለመጠየቅ አንቀጽ መጥቀስ ትንሽ እንደሚበዛም አላጣሁትም። ግን ከሥራ መልስ አንድ ሰዓት ቁጭ ብሎ ካልሲ መጥቀምን እንደ ቅብጠት የሚቆጥር ኃላፊ ካለ ይህን ያንብብልኝ።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ከሥራ በኋላ የማይከፈት ከሆነ ለሠራተኛው ትርጉም የለውም። ቢያንስ በሳምንት ሁለት ምሽት፣ ቅዳሜም ከሰዓት ይሁን። በሁሉም ቦታ ባንድ ጊዜ ጀምሩ አልልም። አንድ ቤተ መጻሕፍት መርጣችሁ ለጥቂት ወራት ሞክሩት። ሰው ካልመጣ ጠረጴዛው ለአንባቢ ይመለሳል፤ መቀሱም ለጽሕፈት ቤታችሁ ይተርፋል። የተስማማችሁበትንም ያልተስማማችሁበትንም ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ብትለጥፉልን መጥተን እናነባለን።

ከአክብሮት ጋር
ከቤተ መጻሕፍቱ ተጠቃሚዎች አንዱ