የቆርቆሮ ጣሪያ ሙቀትን ስለመቀነስ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ጤና ይስጥልን። ከከሚሴ፣ ከባቲና ከቆቦ የሚደርሰን ጥያቄ ተመሳሳይ ነው፤ «ኮርኒስ አሠርተን ቤቱ ለምን አልቀዘቀዘም?»

በእኛ አካባቢ ፀሐይ በሚያዝያና በነሐሴ አጋማሽ ልክ ከአናት በላይ ስለምታልፍ ከግድግዳው ይልቅ ጣሪያው ይመታል። ቆርቆሮው ከ60 ዲግሪ በላይ ሊግል ይችላል፤ ሙቀቱም በጨረር ቁልቁል ይወርዳል። ስስ የችፑድ ኮርኒስ ይህን አይዝም፣ ራሱ ግሎ ወደ ክፍሉ ያስተላልፋል።

ለቆላው መጀመሪያ የምንመክረው አልሙኒየም ፎይል ነው። ፎይሉ የሚሠራው ከሥሩ ቢያንስ 2 ሳንቲ ሜትር ክፍት አየር ሲኖረው ብቻ ነው። ከቆርቆሮው ሥር በሞራሌዎቹ ላይ ትንሽ ረገብ ተደርጎ፣ አንጸባራቂው ፊት ወደ ታች ዞሮ ይዘርጋ። ብዙ ባለሙያ ኮርኒሱ ላይ አንጥፎት ይወርዳል፤ በጥቂት ዓመት አቧራ ይለብስና ጥቅሙ ይቀራል። ስትገዙ የጣሪያውን ተዳፋት ስፋት ለክታችሁ 10 በመቶ ጨምሩ። መደራረቢያው 10 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ የላይኛው በታችኛው ላይ ይረፍ፣ አለዚያ ሌሊት ከቆርቆሮው የሚንጠባጠበው ጤዛ ኮርኒሱን ያበሰብሳል። ፎይል ኤሌክትሪክ ያስተላልፋልና ሽቦው ሁሉ በቱቦ ውስጥ ይግባ።

የሞቀው አየር መውጫም ያስፈልገዋል። በአሜሪካ የመኖሪያ ቤት ደንብ የመውጫ ቀዳዳዎቹ ጠቅላላ ስፋት መነሻው ከኮርኒሱ ስፋት 150ኛው እጅ ነው። ለ60 ካሬ ሜትር ቤት 0.4 ካሬ ሜትር ይመጣል፤ ግማሹ በጣሪያው ጠርዝ ሥር (10 በ20 ሳንቲ ሜትር የሆኑ አሥር ቀዳዳዎች)፣ ግማሹ ከላይ በሁለቱ ጫፍ ግድግዳዎች (25 በ40 ሳንቲ ሜትር አንዳንድ)። ወፍና አይጥ እንዳይገባ ወንፊት ይደረግበት፤ ወንፊቱ አየር ስለሚቀንስ ቀዳዳውን ሲሶ ያህል አስፉት።

ነጭ ቀለም ርካሽና ጥሩ ነው። አዲስ ቆርቆሮ ቢያብረቀርቅም የያዘውን ሙቀት በቀላሉ መልሶ አይለቅም፣ ነጭ የተቀባው ግን ይለቃል። አዲስ ቆርቆሮ ላይ የዘይት ቀለም በቀጥታ አትቀቡ፤ ቆርቆሮው ከተለበጠበት ዚንክ ጋር ተዋህዶ ይላጣል። ታጥቦ ለዚንክ የተዘጋጀ ፕራይመር (መነሻ ቀለም) ይቅደም።

ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናትና ጉዳዩ ሌላ ነው፤ እዚያ የሚያስቸግረው የሌሊት ብርድ ስለሆነ 5 ሳንቲ ሜትር ሮክ ዉል (ከድንጋይ ቃጫ የተሠራ ምንጣፍ) ኮርኒሱ ላይ ማንጠፍ ያዋጣል። ፎም (የፕላስቲክ አረፋ) ርካሽ ነው ብላችሁ ከመረጣችሁ በጂፕሰም ቦርድ ይሸፈን፣ ከአምፖልም ይራቅ፤ እሳት ቶሎ ይይዛል።

የሕንፃ አዋጁ ያለ ፈቃድ መገንባትን ይከለክላል። ለፈቃዱ በምታቀርቡት ፕላን ላይ የሙቀት መከላከያው ዓይነትና ውፍረት ካልተጻፈ፣ ዋጋ ሲወደድ መጀመሪያ የሚቀረው እሱ ነው። በውላችሁም ይስፈር። ቆርቆሮው ከመመታቱ አንድ ሳምንት ቀድማችሁ ብትጠሩን ፎይሉን በግማሽ ድካም እንዘረጋለን፤ ኮርኒሱ ካለቀ በኋላ ግን መፍታት ግድ ይሆናል።

ከአክብሮት ጋር
የጣሪያና ኮርኒስ ሥራ ክፍል፣ ኮምቦልቻ