ለጆርናል ፔፐር (የጥናት ጽሑፍ) ልትልኩ ላሰባችሁ

ሰላም ጓዶች፣ ሰሞኑን "የማሳተሚያውን ክፍያ ከየት ላምጣ" የምትሉኝ ስለበዛችሁ እዚሁ ልጻፈው ብዬ ነው። ኢትዮጵያ በሪሰርች ፎር ላይፍ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አገሮች ጆርናሎችን በነጻ ወይም በቅናሽ የሚያቀርብ ፕሮግራም ነው) ዝርዝር ግሩፕ ኤ፣ ማለትም በነጻ የሚያገኙት ምድብ ውስጥ ነች፣ ስለዚህ ትልልቆቹ አሳታሚዎች ሙሉ ለሙሉ ኦፕን አክሰስ (ማንም በነጻ የሚያነባቸው) በሆኑት ጆርናሎቻቸው ላይ ብዙ ጊዜ ክፍያውን ይተዉላችኋል፣ ግን ዌቨሩን (ክፍያው እንዲተውላችሁ) ገና ፔፐሩን ሰብሚት ስታደርጉ ነው መጠየቅ ያለባችሁ፣ አክሰፕት ከተባለ በኋላ "ብር የለኝም" ብትሉ ብዙዎቹ አይሰሟችሁም። ሃይብሪድ የሚባሉት (አንባቢው ከፍሎ የሚያነባቸው፣ ከፈለጋችሁ ግን እናንተ ከፍላችሁ ፔፐራችሁን ኦፕን አክሰስ የምታደርጉባቸው) ደሞ አብዛኛውን ጊዜ ዌቨር የላቸውም፣ ግን ኦፕን አክሰስ ካልመረጣችሁ እዛም በነጻ ይወጣል፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም።

"ውድ ፕሮፌሰር፣ በ3 ቀን ሪቪው እናደርጋለን" የሚል ኢሜይል ከመጣ ብራችሁን ብቻ ከሚፈልጉ አጭበርባሪ ጆርናሎች ነውና ዝም ብላችሁ አጥፉት (ማስተርሱን ያልጨረሰውም እነሱ ጋ ፕሮፌሰር ነው 😄)። ጆርናሉ ኦፕን አክሰስ ነኝ ካለ ዲኦኤጄ (DOAJ፣ የተጣሩ ኦፕን አክሰስ ጆርናሎች ዝርዝር) ላይ መኖሩን እዩ።

ስም ላይም ተጠንቀቁ፣ አንዱ ፔፐር ላይ በአባት ሌላው ላይ በአያት ስም ከወጣችሁ ሰርች ላይ ሁለት ሰው ትሆናላችሁ። ኦርሲድ (ORCID፣ የተመራማሪዎች መለያ) በነጻ ነው፣ 16 አሃዝ ያለው መለያ ይሰጣችኋል፣ አውጡና ሁሌ እሱን አስገቡ።

በመጨረሻ፣ ኦፕን አክሰስ ያልሆነ ፔፐር የአሳታሚውን ፒዲኤፍ እዚህ ባትለጥፉ ጥሩ ነው፣ ኮፒራይቱን ፈርማችሁ የሰጣችሁት ለነሱ ነው። ሪቪው ያለፈውን የራሳችሁን የወርድ ፋይል ግን ከተወሰነ ወራት በኋላ ሪፖዚተሪ (ፔፐር የሚቀመጥበት የኦንላይን ማከማቻ) ላይ እንድታስገቡ ብዙዎቹ ይፈቅዳሉ፣ የዛን ሊንክ ላኩልን። አሁን ለመላክ ያሰበ ካለ የጆርናሉን ስም ይጻፍና አብረን እንየው።