የበጎ አድራጎት ክበብ ዘገባ፦ እዳዬና የኛ ቆሎ

ዘገባ ሲባል «ክበቡ በዓመቱ ውስጥ የሚከተሉትን ተግባራት አከናውኗል» ብሎ ይጀምራል። እስከ ዛሬ እንደዚያ ነበር የምጽፈው። ከአራሚው በቀር ያነበበው ሰው ያለ አይመስለኝም። ዘንድሮ እንደሆነው ልጻፈው።

ነገሩ የተጀመረው መስከረም ላይ፣ በክፍል መስኮት ነው። ግሸን ማርያም የምትነግሠው መስከረም 21 ስለሆነ ሰሞኑን ከአዲስ አበባ የሚመጣ የተሳላሚ አውቶቡስ በከተማችን በደብረ ብርሃን ያልፋል። ደብረ ብርሃንን ለቆ ጣርማ በርን ይሻገራል፣ በደብረ ሲናና በሸዋ ሮቢት አድርጎ ወሎ ይገባል። ያን ቀን መዝሙሩ ክፍል ድረስ ይሰማ ነበር። ልጆቹ ዓይናቸው መንገድ ላይ ነው። ማስተማሩ እንዳልሆነ ሲገባኝ ጠመኔውን አስቀምጬ ስለ አንዲት ተሳላሚ አወራኋቸው።

አበበች ጎበና በ1972 ዓ.ም. ግሸንን ሊሳለሙ ወጡ። ወሎ ረሃብ ገብቶ ነበር። መንገድ ዳር የወደቀ ሰው አዩ። የሞተች እናቱን ጡት የሚጠባ ሕፃን አዩ። የያዙት ዳቦና ጠበል ነበር፤ ሰጡ፣ አለቀ። ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ ሁለት ወላጅ አልባ ልጆች ይዘው ቤታቸው ገቡ። በዓመቱ ልጆቹ 21 ሆኑ። ባለቤታቸው ይህን አልተቀበሉም። እሳቸውም ትዳሩንና ቤቱን ትተው ከልጆቹ ጋር ወጡ። ጌጣቸውን ሸጡ። ምግብ እያዘጋጁ እየሸጡ አሳደጓቸው። በስማቸው የሚጠራው የሕፃናት እንክብካቤና ልማት ድርጅት በሕግ የተመዘገበው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ያሳደጓቸው ልጆች «እዳዬ» ይሏቸዋል። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት በ85 ዓመታቸው አረፉ።

«የት ተወለዱ?» አለ አንዱ ከኋላ። ሰሜን ሸዋ ስል ጭብጨባ ሆነ። ፍቼ አካባቢ፣ ሸበል አቦ የምትባል መንደር ስል ደግሞ ጭብጨባው ቀነሰ። «ቲቸር፣ እሱማ የወዲያኛው ሰሜን ሸዋ ነው!» እውነቱን ነው፤ ሰሜን ሸዋ የሚባል ዞን በአማራም በኦሮሚያም ክልል አለ። ከዚያ በዕረፍት ሰዓት ሙሉ ክርክር ሆነ። የጨረሰችው አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት፦ «እሳቸው ወሎ ሄደው ልጅ ሲያነሱ የማን ዞን ነው ብለው ጠየቁ እንዴ?» እኔ የምጨምረው አልነበረኝም። የዓመቱ ሥራችን በእዳዬ መታሰቢያነት እንዲሆን የተወሰነው በዚያው ሳምንት ነው።

አሁን ወደ ጥፋታችን ልምጣ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ልጆቹ ያልኳቸውን ነው ያደረጉት።

በጥቅምት ከተማሪው መዋጮ ሰበሰብን፤ ደብተርና እስክርቢቶ ገዛን። የሚረዱትን ተማሪዎች ስም ክፍል ተጠሪዎች አመጡ። ከመካከላቸው ባለፉት ዓመታት ተፈናቅለው ደብረ ብርሃን የገቡ ቤተሰቦች ልጆች ይገኙበታል። በጠዋት ሰልፍ ላይ፣ ከሰንደቅ ዓላማው ሥር፣ ስም እየጠራን አስረከብን። ሚኒ ሚዲያው በድምፅ ማጉያ አጀበን። ፎቶ ተነሳን። እኔም ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ።

በማግስቱ አንዷ ተቀባይ ትምህርት ቤት አልመጣችም። በሦስተኛው ቀን መጣች። ደብተሮቹን በፌስታል እንዳሉ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችና «አመሰግናለሁ ቲቸር፣ አለኝ» አለችኝ። እንደሌላት አውቃለሁ። እሷም እንደማውቅ ታውቃለች። ፎቶው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ነበር፤ በዚያኑ ሰዓት ሄጄ ነቀልኩት።

የክበቡን ልጆች ሰብስቤ የሆነውን ነገርኳቸው። ረጅሙ ስብሰባችን ያ ነበር። ስለ እዳዬ ስናወራ ሁላችንም 21 የሚለውን ቁጥር ስንደጋግም ከርመናል። ልጆቹ ግን እናት ነው ያገኙት። እናት ልጇን ሰልፍ ላይ አቁማ ደብተር አትሰጥም። ሌላም ነገር ተነሳ፤ እሳቸው መጀመሪያ የሸጡት የራሳቸውን ጌጥ፣ ቀጥሎም የእጃቸውን ሥራ ነው። እኛ ያደረግነው ከአንዱ ተማሪ ኪስ ወስዶ ለሌላው መስጠት ነው። ለሚያዋጣውም ቢሆን ቀላል አልነበረም። ከኪሱ የሌለው ልጅ መዋጮውን ከየት እንዳመጣው ማን ጠየቀ?

ቆሎው የመጣው ከዚህ ነው። አገራችን የገብስ አገር ነው፤ ብርዱ ደግሞ ቆሎ ያስበላል። አንድ ወላጅ ገብስ ሰጡን። የጽዳት ሠራተኛችን ብረት ምጣዳቸውን አዋሱን፤ አቆላሉንም እሳቸው አሳዩን። የመጀመሪያው ቀን አሳፋሪ ነበር። ወንዶቹ «እኛ እንቆላለን» ብለው ምጣዱን ያዙ፤ እሳቱን አነደዱት፣ ወሬ ያዙ፣ ግማሹ ከሰለ። ሴቶቹ አልሳቁም፤ የነሱ ደግሞ ሳይበስል ወጣ። የጽዳት ሠራተኛችን ግን እስኪበቃቸው ሳቁ። «ገብሱ እኮ መጀመሪያ ተሸክሽኮ ገለባው ይወጣል፣ እሳቱ ይለዝባል፣ እጃችሁ አያርፍም» አሉን። በሦስተኛው ሙከራ የሚበላ ቆሎ አገኘን። ሱፍና ሽምብራ ቀላቀልንበት።

ሽያጩ ማክሰኞና ዓርብ በዕረፍት ሰዓት ነበር፣ በስኒ እየተለካ። መምህራን ዋና ደንበኞች ሆኑ። (የዱቤ ዝርዝሩ ሒሳብ ያዢዋ ደብተር ላይ አለ። ስም አልጠቅስም፤ ራሳችሁን ታውቃላችሁ።) ገበያው በጾም ወራት ደራ፤ ፋሲካ ሲያልፍ ቀዘቀዘ። ሀብታም አልሆንንም። የቆሎ ትርፍ ደብተር፣ ሳሙናና ለሴት ተማሪዎች የንጽህና መጠበቂያ ገዛ። ዩኒፎርም ለመግዛት አስበን አልደረስንበትም።

አሰጣጡን ቀየርነው። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ከበሩ ጀርባ አንድ መደርደሪያ ተሰጠን። የተገዛው እዚያ ይቀመጣል። የፈለገ ይወስዳል፤ ያለው ያስቀምጣል። መዝገብ የለም፣ ፊርማ የለም። የንጽህና መጠበቂያው የሚቀመጠው ለብቻው በሴቶች መጸዳጃ ቤት ነው። «ይሰረቃል» ያሉን ባልደረቦች ነበሩ፤ እኔም ውስጤን ፈርቼ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት እውነትም ባዶ ሆነ። ሰው ተጠራጠርን። ቆይተን ስናስበው ግን ባዶ መሆኑ ተማሪው ስለፈለገው ነው፤ የተቀመጠውም እንዲወሰድ ነው። ሞላነው። ከጥር በኋላ ባዶውን አላየሁትም። ግማሽ የተጻፈበት ደብተር፣ የተቀረጸ እርሳስ፣ ያለፈ ዓመት መጽሐፍ፣ አንድ ቀን ደግሞ የታጠበ ሹራብ አገኘንበት። ማን እንዳስቀመጠው አልጠየቅንም።

ያቺ ተማሪ ከዚያ ወስዳ ይሁን አይሁን አላውቅም። በየካቲት ግን ክበቡን ተቀላቅላ ቆሎ ስትቆላ አየኋት። ከሁላችንም ትሻላለች።

የመታሰቢያውን ቀን ግንቦት ላይ አደረግነው፤ ሰኔ 27 ሲደርስ ግቢው ባዶ ስለሚሆን። ንግግር አሳጠርን። የሥነ ጽሑፍ ክበብ ግጥም አቀረበ፤ ከሁለቱ አንዱ ጥሩ ነበር። ልጆቹ በሠሩት ፖስተር ላይ መጀመሪያ «የአፍሪካዋ ማዘር ትሬዛ» ተብሎ ተጽፎ ነበር። ብዙ ሰው እንደዚያ ይላቸዋል፣ ክብርም ነው። ዋዜማውን ግን አንዱ «የራሳቸው ስም እያለ?» አለና ወረቀት ለጠፈበት፤ «እዳዬ» የምትለዋ ቃል ብቻዋን በትልቁ ተጻፈች። እኔ ወድጄዋለሁ። አዲስ አበባ ድረስ ሄደን ድርጅታቸውን ለመጎብኘት የያዝነው ዕቅድ መንገዱም ገንዘቡም ስላልተመቸን ቀርቷል።

ከክበቡ አባላት የ12ኛ ክፍሎቹ ይሄዳሉ፤ የሒሳብ ደብተሩንና የመደርደሪያውን ኃላፊነት ለ10ኛና 11ኛ ክፍሎች አስረክበዋል። ዱቤውም አብሮ ተላልፏል። ብረት ምጣዱ የተዋስነው ስለሆነ የጽዳት ሠራተኛችን ለክረምት ወስደውታል። ቤታችሁ የማትጠቀሙበት ምጣድ ያላችሁ ወላጆች ከመስከረም በፊት ለቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ ንገሩልን። እጀታው የተሰበረም ቢሆን ግድ የለም።