በፊውዝ ቦታ የመዳብ ክር አይግባ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

አዳማ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ እሠራለሁ። ባለፈው ሳምንት አንድ የሰፈር ልጅ በእጁ የገጣጠመውን ባትሪ መሙያ ይዞልኝ መጣ። ቮልቱን የሚቀንሰው ትራንስፎርመር ከአሮጌ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ኮምፒውተር ከሚያቆየው መሣሪያ) የተነቀለ ነው። ኤሌክትሪኩን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉት ዳዮዶች ደህና ናቸው። በ220 ቮልቱ በኩል ያለው ፊውዝ (ኤሌክትሪክ ሲበዛ ተቃጥሎ መስመሩን የሚቆርጠው) ግን ሁለቴ ሲቃጠልበት በቦታው የመዳብ ክር ጠምጥሞበታል። ከዚያ የመሙያው መቆንጠጫዎች ሲነካኩ የገመዱ ላስቲክ ቀልጦ ጠቁሯል። ሽታው እስካሁን አልለቀቀኝም።

ልጁን አልተቆጣሁትም፤ እጁ ወርቅ ነው። ፊውዝ የሚመረጠው ገመዱ የሚችለውን አይቶ መሆኑን ግን የነገረው የለም። መሙያው 6 አምፔር ይሰጣል፤ የገመዱ ውፍረት 2.5 ካሬ ሚሊ ነው። በ12 ቮልቱ በኩል ባለ 10 አምፔር ፊውዝ ይበቃዋል፤ እሱም ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ ይሁን። ኮንታክት ከተፈጠረ፣ ማለትም ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ ከተነካኩ፣ ባትሪው ራሱ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ይለቃል! በ220ው በኩል የሚገባው ግማሽ አምፔር ገደማ ነው። እዚያ ባለ 1 አምፔር፣ ዘግይቶ የሚቃጠለውን ዓይነት አስገባሁለት። ትራንስፎርመር ሲበራ ለቅጽበት ብዙ ይስባል፤ ፈጣኑ ፊውዝ ያለ ጥፋቱ የሚሄደው ለዚህ ነው።

መብራት በሄደ ቁጥር እንዲህ የሚገጣጥሙ ልጆች ብዙ ናቸው። እባካችሁ አንድ ዓምድ ስጧቸው።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከአዳማ