በገብሳችን ውስጥ ስላለው ጥቁር ፍሬ
ለደቡብ ወሎ ዞን ግብርና መምሪያ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ የመምሪያው ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

ደሴ ውስጥ ወፍጮ ቤት አለኝ። የምጽፍላችሁ ስለ እህል ዋጋም ስለ መብራት መቆራረጥም አይደለም፤ እነሱ የየራሳቸው ደብዳቤ ይገባቸዋል። ጉዳዬ ከደጋው በሚመጣው ገብስ ውስጥ የሚገኘው ጥቁር ፍሬ ነው።

ሴቶቹ ገብሱን በሰፌድ ሲያንገዋልሉ አልፎ አልፎ ከፍሬው ረዘም ያለ፣ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ጥቁር፣ ሲሰበር ውስጡ ነጣ ያለ ነገር ይወጣል። ብዙዎቹ የአይጥ ኩስ ይመስላቸዋል፤ ጥቂት ከሆነ ከገብሱ ጋር ይፈጫል። ዕፅዋት ሳይንስ ያጠናች ልጄ እንዳስረዳችኝ ግን ነገሩ ኧርጎት የሚባል የፈንገስ በሽታ ነው። ሰብሉ ሲያብብ፣ በተለይ እርጥበትና ብርድ ሲሰነብት፣ ፈንገሱ አበባው ውስጥ ገብቶ በፍሬው ቦታ ራሱ ያድጋል። መርዙ የደም ሥርን ያጠባል፤ አብዝቶ የበላው ሰው እጅና እግሩ ደም አጥቶ ይጠቁራል፣ ይደርቃል። ቢቆሉትም ቢጋግሩትም መርዙ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም።

የሩቅ አገር ወሬ እንዳይመስላችሁ። በ1970 ዓ.ም. በዚሁ በወሎ፣ በዋድላ ደላንታ፣ ከገብስ ጋር የተቀላቀለ ሲናር ይህንኑ ፈንገስ ተሸክሞ ሰው ገድሏል፤ ከተረፉትም እጅ እግራቸውን ያጡ ነበሩ። በሕክምና መጽሔቶች ተመዝግቧል። ደላንታ ዛሬም የእናንተው ዞን ወረዳ ነው።

መድኃኒቱ ውድ አይደለም። ጠልቆ ማረስ ጥቁሩን ፍሬ ከአፈር ሥር ቀብሮ ያስቀረዋል ይባላል፤ በበሬ ለሚያርስ ሰው ይህን መምከር ግን ቀልድ ነው። ሲናሩን ሳያዘረዝር መንቀል፣ ገብሱን ከባቄላና ከአተር ጋር ማፈራረቅ ይቻላል። ለዘር የተቀመጠውን ደግሞ ጨው በበዛበት ውኃ ውስጥ ቢጨምሩት ጥቁሩ ይንሳፈፋል፣ ደህናው ይሰምጣል፤ ከዚያ አጥቦ ማድረቅ ነው። ይህን አንድ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ በግማሽ ቀን ለመንደሩ ሁሉ ማሳየት ይችላል።

ከቆላ የሚመጣው በቆሎና ኦቾሎኒ ሌላ ጣጣ አለው። በደንብ ሳይደርቅ ሲከማች የሚያበቅለው ሻጋታ አፍላቶክሲን ያመነጫል፤ ጉበትን ለካንሰር የሚያጋልጥ መርዝ ነው፤ መርዙን ራሱን ዓይን አያየውም። እሱ የላቦራቶሪ ሥራ ነው፤ እኛ ወፍጮ ቤቶች አንችለውም።

ጥቁሩን ፍሬ ግን በዓይናችን እናየዋለን። አሁን የሚያሳስበኝ ከተለቀመ በኋላ የሚሄድበት ነው። ግርዱ በርካሽ ለከብት መኖ ይሸጣል፤ በዚህ መርዝ ላም ወተቷ ይቀንሳል፣ ሲብስም ሰኮናዋና ጅራቷ ይበሰብሳል። ስለዚህ የምንጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው፦ በገበያ ቀን ናሙና ይዞ ለሻጩም ለገዢውም የሚያሳይ ባለሙያ፣ እንዲሁም ግርዱ የት እንደሚቀበር የሚወስን መመሪያ። አዲሱ ገብስ ገበያ ከመውጣቱ በፊት መልሳችሁን እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር
የወፍጮ ቤት ባለቤት፣ ደሴ