ፖስተሩን ንቀለው

ወንድም ዓለም፣

እንዴት ሰነበትክ? እናትህስ ደህና ናቸው? እኔ ክብሩ ይስፋ፣ ደህና ነኝ። የመጥፋቱን ነገር እንተወው፤ አንተም ጠፍተሃል፣ ተቻችለናል። ጃፓንኛ ማንበብ ልማር ብለህ ግድግዳህን በካንጂ፣ ማለትም ከቻይና በመጡት የቃል ምልክቶች፣ ፖስተር ሸፈንከው ሲሉኝ ግን ዝም ማለት አቃተኝ።

ንቀለው። መንግሥታቸው ለዕለት ተዕለት ጽሑፍ ያወጣው ዝርዝር 2,136 ካንጂ አለው። የአገሩ ልጆች እንኳ በአንደኛ ደረጃ ስድስት ዓመት የሚማሩት 1,026ቱን ነው። አንተ ሁሉንም ካልሸመደድኩ ካልክ በወሩ ይሰለችሃል።

መጀመሪያ ሂራጋና፣ ቀጥሎ ካታካና ያዝ፤ ሁለቱ ድምፅ የሚጻፍባቸው ፊደሎቻቸው ናቸው። መሠረታዊዎቹ 46፣ 46 ናቸው። እንደኛው አንዱ ፊደል ተነባቢውን ከነአናባቢው ይይዛል። ግን እኛ ጋ በ፣ ቡ፣ ቢ ዝምድናቸው ከመልካቸው ያስታውቃል። እነሱ ጋ ካ፣ ኪ፣ ኩ በመልክ አይተዋወቁም፤ እያንዳንዱን ለብቻው መያዝ ነው። ደግነቱ ካ ላይ ሁለት ጭረት ጣል ስታደርግበት ጋ ይሆንልሃል።

ከዚያ ቶሎ ወደ ንባብ ግባ። የታዶኩ ድረ ገጽ ላይ በየደረጃው የተዘጋጁ ትንንሽ መጻሕፍት በነፃ አሉ። የመጀመሪያዎቹ ባብዛኛው ሥዕል ናቸው፣ ጽሑፋቸው አጭር ነው። ካንጂው አናት ላይ ንባቡ በደቃቅ ሂራጋና ይጻፋል፤ ፉሪጋና ይሉታል። ሕጋቸው ደስ ይላል፦ መዝገበ ቃላት አትክፈት፣ ያልገባህን ዝለል፣ ከከበደህ ትተኸው ሌላ አንሳ። እኛ ክፍል ውስጥ እንዲህ ብንል ኩርኩም ነበር!

እያነበብክ ስትሄድ ካንጂን ራሱ ትወደዋለህ። ጃፓንኛ በቃልና በቃል መሀል ክፍት ቦታ አይተውም። ቃሉ የት እንደጀመረ የሚጠቁምህ ብዙ ጊዜ ካንጂው ነው። ሁሉም በሂራጋና ቢጻፍ ይብስ ነበር።

ለሰዋስው ኢሮዶሪን ያዝ። የጃፓን ፋውንዴሽን ያዘጋጀው ነው፤ መጽሐፉም ድምፁም በነፃ ይወርዳል። መዝገበ ቃላት ካስፈለገህ ታኮቦቶን ስልክህ ላይ ጫን፣ ኔት ቢጠፋም ይሠራል። ቃል በካርድ እያስከለሰ የሚያስጠናው አንኪ የሚባል መተግበሪያ አንድሮይድ ላይ ነፃ ነው፣ አይፎን ላይ ግን ያስከፍላል። ካርዱን ራስህ አንብበህ ካገኘኸው ቃል ሥራ፤ ሰው የሠራውን አሥር ሺህ ካርድ አትጫንብኝ። አኦዞራ ቡንኮ የሚባለው የድሮ ጽሑፎች ማከማቻ ከ1997 ጀምሮ አለ፣ ነፃም ነው፤ ቋንቋው ግን ይከብዳል፣ ለኋላ ይቆይህ።

ቴሌግራምህ ያው ከሆነ የኢሮዶሪን የመጀመሪያ ክፍል ዛሬ ማታ እልክልሃለሁ። ከቀየርከው በእህትህ በኩል ንገረኝ።

ያንተው