ቡፌው ላይ ያለው ነጭ ድንጋይ

እማዬ እንዴት ነሽልኝ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ ከናንተ ናፍቆት በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይሄን በስልክ ልነግርሽ ነበር ግን ገና ስጀምር "በል ገንዘብህን አትጨርስ" ብለሽ ስለምትዘጊብኝ ፅፌ ለሚጢ በቴሌግራም ልኬላታለሁ፣ ቁጭ ብላ ታንብብልሽ፣ እየዘለለች እንዳይሆን ብቻ።

የአክስቴ ልጅ ለጥምቀት እንደመጣ "ልጅሽ የማይበላ አሳ በዩሮ ገዝቶ ሳሎኑ አስቀምጧል" ብሎሻል አሉ። እውነቱን ነው። ዋጋውን ግን አትጠይቂኝ። ባሕር ዳር ሹም አቦ ተወልዶ ቆሮሶና አምባዛ ሲበላ ያደገ ሰው አሳ ለማየት ብቻ ሲገዛ እንደሚያስቅ አውቃለሁ፣ እኔም መጀመሪያ ስቄያለሁ።

ነገሩ የመጣው አባዬ ነፍሱን ይማረውና ባሕር ኃይል ሳለ ከምፅዋ ይዞት በመጣው ነጭ ድንጋይ ነው፣ ያ ቡፌው ላይ ዳንቴል አንጥፈሽለት በዓል በመጣ ቁጥር በእርጥብ ጨርቅ የምትወለውይው። አምና እዚህ ሙኒክ አንድ የአሳ ሱቅ ስገባ ቁርጥ እሱኑ ውሃ ውስጥ አየሁት፣ ግን ይሄኛው ነጭ አይደለም አረንጓዴና ቡናማ ነው፣ ላዩ ላይ ደግሞ እንደ ጣት ያሉ ትንንሽ ነገሮች ይወዛወዛሉ። ለካ ኮራል ነው። ኮራል ደግሞ ድንጋይም ተክልም አይደለም፣ እንስሳ ነው እማዬ! የኛው ላይ እንደ እንጀራ ዓይን ጥቅጥቅ ያሉት ቀዳዳዎች ትዝ አሉሽ? እያንዳንዷ ዓይን ውስጥ አንዳንድ ነፍስ ነበረች። ድንጋዩ የነሱ አፅም ነው፣ ስንት ዓመት አፅም ስንወለውል ኖርን ማለት ነው።

በቃ እዛው ልቤ ሸፈተ። ትንሿን የ60 ሊትር የአሳ ማኖሪያ መስታወት ገዛሁ። የዚህ አገር የቧንቧ ውሃ ኖራ ስለሚበዛው ለኮራል አይሆንም፣ የተጣራ ውሃ ነው የምጠቀመው፣ በየሊትሩ 35 ግራም ገደማ ጨው ይገባበታል። የወጥ ጨው እንዳይመስልሽ፣ ካልሲየምና ማግኒዚየም ያለበት ለዚሁ የተሠራ ነው፣ ኮራሉ አፅሙን የሚሠራው በካልሲየም ነዋ። ሙቀቱ 25 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ሞተሯ ሌሊትና ቀን ውሃውን ታንቀሳቅሳለች። መብራቱ ሰማያዊ ስለሆነ ጎረቤቴ የምሽት ክለብ የከፈትኩ መስሎት ነበር። መብራቱ ለጌጥ አይደለም፣ ኮራሉ ሥጋ ውስጥ የሚኖሩ በዓይን የማይታዩ፣ እንደ ተክል ያሉ አልጌዎች አሉ፣ በብርሃን ምግብ ሠርተው እሱን የሚቀልቡት እነሱ ናቸው።

ከዛ በኋላ ያለውን አንቺ ከማንም በላይ ትረጂዋለሽ። ውሃውና መስታወቱ ውስጥ የሚደረደረው ድንጋይ ከገባ በኋላ 5 ሳምንት ሙሉ አንድ አሳ የለም፣ ባዶ ውሃ ነው ያየሁት፣ የአክስቴ ልጅም እየመጣ ይስቅብኝ ነበር። ምክንያቱም የአሳው ኩስና የተረፈው ምግብ አሞኒያ ይሆናል፣ አሞኒያ ደግሞ አሳ ይጨርሳል። ድንጋዩ ላይ ባክቴሪያ ሲራባ ነው አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ ብዙ ወደማይጎዳው ወደ ናይትሬት የሚለውጠው። እርሾ በይው። እርሾ ሳይኖር ሊጥ ቢቸኩሉበት ምን ይሆናል? እኔም እርሾው እንዲይዝልኝ በየቀኑ ቆንጠር አድርጌ የአሳ ምግብ ባዶው ውሃ ላይ እበትን ነበር፣ ላልተወለደ ልጅ እንደማጉረስ ነው።

ናይትሬቱ ሲበዛ ደግሞ አረንጓዴ ፀጉር የመሰለ አልጌ መስታወቱን ወረሰው፣ ያኔ እምቦጭ ትዝ አለኝ። ጣናም ከየእርሻው የሚወርደውን ማዳበሪያና አፈር እየጠገበ ነው ለእምቦጩ እንዲህ የተመቸው፣ የኔ ግን 60 ሊትር ስለሆነች በየሳምንቱ ትንሽ ውሃ ቀንሼ በአዲስ ተካሁ፣ ቀንድ አውጣዎችም ገዝቼ ለቀቅኩበት፣ እነሱ ግጠው አፀዱልኝ። ጣናን ማን እንዲህ ይግጥለት!

አንድ ጥፋት አጥፍቻለሁ ልንገርሽ። ውሃው እየተነነ ሲጎድል እኔ ብልጡ ጨው ያለበት ውሃ እጨምርበታለሁ። አንድ ቀን ቀንድ አውጣዎቹ ደርቀው ቁጭ፣ ንቅንቅ የለም። ስለካው ጨውነቱ ከ35 ወደ 40 ወጥቷል። ወጥ እሳት ላይ ተረስቶ ሲመጥ ጨው አይበዛበትም? ውሃው ይተናል ጨው አይተንም፣ ስለዚህ መጨመር የነበረበት ጨው የሌለው ባዶ ውሃ ነበር፣ እናቴ ማጀት ያደግኩት ልጅ ይሄ እንዴት ጠፋኝ። ቀይ ባሕር ራሱ 40 ገደማ ነው አሉ፣ ግን የዛ እንስሳት ለምደውታል። ቀስ እያልኩ አወረድኩት፣ ሁለቱ ሞቱብኝ፣ የቀሩት ተረፉ።

አሁን ሁለት ክላውንፊሽ የሚባሉ አሳዎች አሉኝ፣ ብርቱካንማ ሆነው ነጭ መቀነት የታጠቁ። ስሚ ጉድ፣ እነዚህ ሲፈለፈሉ ሴት የሚባል የለም፣ ከጥንዶቹ ተለቅ ያለው ሴት ይሆናል፣ እሷ ብትሞት ባሏ በተራው ሴት ይሆናል። በስመአብ ስትይ ተሰማኝ። ሚስትየው ቤቱን ይዛ ባሏን እያባረረች ነው የምትውለው።

ኮራሉ ገና ትንሽ ነው፣ ጥፍር ያክላል። ማታ መብራቱ ሊጠፋ ሲል ወንበር ስቤ አየዋለሁ፣ አባዬ ምፅዋ ጠልቆ ይዋኝ እንደነበር ሲያወራ ውሸት ይመስለኝ ነበር።

የአክስቴ ልጅ ድንጋዩን ይዤለት ልመለስ ካለ እንቢ በይው፣ ኮራል ያለፈቃድ ድንበር ማሻገር ክልክል ነው፣ ኤርፖርት ላይ ይቀሙታል። በሱ ቦታ በሶ ይያዝልኝ። ሚጢ ግን ድንጋዩን መስኮቱ ጋ አድርጋ፣ ብርሃን ጎን ለጎን ሲመታው፣ ዓይኖቹ አንድ ባንድ እንዲታዩ ከቅርብ ፎቶ አንስታ ትላክልኝ፣ በቀዳዳው ቅርፅ የምን ዓይነት ኮራል እንደሆነ አፈላልጋለሁ። ዳንቴሉም ይታይ።

ልጅሽ